ክበቡን ላስተዋት ወይስ ትቀጥልበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት፤ ባለፈው ሴሚስተር አማካይዋ 93 ነበር፣ ከክፍሏ 2ኛ ወጥታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ) ማዕከል ትውላለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ሚኒ ሚዲያና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ አለች፤ እምቦጭ ሊነቅሉ ሐይቅ ዳር ወርደው ጭቃ በጭቃ ሆና የምትመጣበት ቀን አለ። አባቷ «ይኼ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ አይቆጠርላትም፣ ትተወው» ይላል። አንድ መምህሯ ደግሞ «ውጭ አገር ለመማር ክበብ ወሳኝ ነው» ብሏታል። የወንድሜ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ከ90 በላይ ሲያመጣ ኖሮ 12ኛ ክፍል ላይ 281 አምጥቶ ቀረ። ካርዷን ልመነው? ክበቡንስ ላስተዋት? — እናቷ

መልስ፦ ጤና ይስጥልን፣ እናታችን። አባቷም መምህሯም ልክ ናቸው፤ አንዱ የሚያወራው ስለ አገር ቤት፣ ሌላው ስለ ውጭ ነው። የአገር ቤቱ ምደባ አንድ ቁጥር ነው የሚያየው። የውጭዎቹ ደግሞ ያ ቁጥር ከመምጣቱ በፊት የአራት ዓመት ወረቀት አገላብጠው ይወስናሉ። ልጅዎ የትም ታስብ የት የ12ኛ ክፍል ፈተና አይቀርላትምና ከአገር ቤቱ እንጀምር።

ዛሬ ባለው አሠራር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ተማሪዋ በሞላችው ምርጫና በየዩኒቨርሲቲው ባለው ቦታ ነው። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል አማካይ በስሌቱ ውስጥ የለም። ከክፍል 2ኛ መውጣቷም፣ የክበብ የምስክር ወረቀቷም አይገባም። ፈተናው 6 ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) ለሁሉም አሉ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትጨምራለች፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ማለፊያው ግማሹ፣ ማለትም 300 ነው። የግል ኮሌጅ የዲግሪ ፕሮግራምም ይህንኑ መስፈርት ስለሚከተል «ካልሆነላት በገንዘቤ አስተምራታለሁ» ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተሰጠ ኩረጃ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከተፈታኙ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነበር። ከወደቁት መካከል ካርዳቸው በ80ና በ90 የተሞላ ብዙ ነበሩ። የወንድምዎ ልጅ ብቻውን አይደለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የካርዱን ነጥብ ፈታ አድርገው ይዩት። አንድ ትምህርት ከ100 ሲያዝ፣ ለምሳሌ 30ው ከቤት ሥራ፣ ከቡድን ሥራና ከደብተር፣ 30ው ከቴስት፣ 40ው ከፈይናል ይመጣል እንበል። ደብተሯን በንጽሕና የያዘች ልጅ ከመጀመሪያው 30 ላይ 29 ታገኛለች። ቴስት ላይ 23፣ ፈይናል ላይ 27 ብታመጣ ድምሩ 79 ነው፤ ካርድ ላይ ደህና ይመስላል። ብቻዋን ተቀምጣ የሠራችው ግን ከ70 ላይ 50 ነው፣ በመቶ ሲሰላ 71። ያም ቢሆን መምህሯ ራሱ ባወጣው፣ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ብቻ በሚጠይቅ ወረቀት ላይ። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ አውጪው አያውቃትም፣ «ከዚህ ምዕራፍ ይመጣል» የሚላትም የለም።

ሌላም አለ። 93 የሁሉም ትምህርት አማካይ ነው። ስፖርት 98፣ አይሲቲ 99፣ ዜግነት 97 አምጥታ ሒሳብ 85፣ እንግሊዝኛ 86 ከሆነ፣ አማካዩን ሽቅብ የሳቡት ፈተናው ላይ የሌሉት ናቸው። ዛሬ ማታ ካርዷን ያውጡና የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂውን ብቻ ደምረው ለ5 ያካፍሉ (ወደ ማኅበራዊ ካዘነበለች በሦስቱ ሳይንሶች ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ)። ከ93ቱ በ5 ወይም በ6 ነጥብ ቢወርድ አይደንግጡ፤ ሊሠሩበት የሚገባው ቁጥር ግን ያ ነው።

ከዚያ ካርዱን በሌላ ነገር ያመሳክሩት። ያለፉ ዓመታት የኢንትራንስ (የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና) ወረቀቶች በየፎቶ ኮፒ ቤቱም በስልክም ይገኛሉ። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወረቀት ይያዙላትና እስካሁን ከተማረችው ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የመጡትን ጥያቄዎች ብቻ ምልክት ያድርጉባቸው። በወረቀቱ ራስጌ የተጻፈውን ሰዓት ለጠቅላላው ጥያቄ ብዛት አካፍለው ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰውን ደቂቃ ያውጡ፤ ያን ምልክት ባደረጉባቸው ጥያቄዎች ብዛት አባዝተው ይስጧት፤ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የምታመጣው ከካርዷ በ10 ነጥብ ካነሰ የተለመደ ነው። በ25ና በ30 ካነሰ ካርዱ ያሞገሳት የቤት ሥራ በመሥራቷ ነው፣ ትምህርቱ ገና አልገባትም ማለት ነው። ይህን 10ኛ ክፍል ላይ ማወቅ መልካም ዕድል ነው፤ 12ኛ ላይ ከሞዴል ፈተና በኋላ ሲታወቅ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

በዚህ ዓምድ ደጋግመን የምናየው ስሕተት ደግሞ ይኼ ነው፦ ወላጅ አስጠኚ ሲቀጥር ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ግን 300፣ የፈተናው ግማሽ ናቸው፤ የትኛውንም ዘርፍ ብትመርጥም አብረዋት ይሄዳሉ። ባዮሎጂ 62፣ ኬሚስትሪ 55፣ ፊዚክስ 44፣ ሒሳብ 38፣ እንግሊዝኛ 47፣ አፕቲትዩድ 49 ያመጣ ተማሪ ድምሩ 295 ነው፤ በ5 ነጥብ ወደቀ። እነዚያ 5 ነጥቦች ፊዚክስ ውስጥ ተቀብረው ይሆናል፤ አፕቲትዩድ ውስጥ ግን በሁለት ወር ልምምድ ይገኙ ነበር። አፕቲትዩድን (ተማሪው ኤስኤቲ የሚለውን፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሉት ኤስኤቲ ጋር አንድ አይደለም) በክፍል የሚያስተምረው የለም። ይዘቱ የቃላት ዝምድና፣ የንባብ መረዳት፣ የቁጥር ተከታታይነት፣ የሠንጠረዥ ንባብ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 20 ጥያቄ እየሠሩ ስሕተቱን መመርመር እንጂ ሽምደዳ አይሆነውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ከሦስቱ ቀስ ብሎ የሚያድገው ስለሆነ አሁን፣ 10ኛ ላይ ነው የሚጀመረው፤ በቀን አንድ ገጽ ሙሉ ንባብ፣ የማታውቀውን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ መመዝገብ። ሰዋስው መጽሐፍ ገዝቶ መጨረስ ብቻውን ብዙ አያራምድም።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ደብተሮቿን ለሱቅ መጠቅለያ እንዳይሰጧቸው! መማሪያ መጽሐፉን ዓመቱ ሲያልቅ ትመልሳለች፤ በፒዲኤፍ ስለሚገኝ ስልክ ላይ ይጫንላት።

12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚያጋጥመውን ባጭሩ እንንገርዎት። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ በሚበረታበት። በወረቀት የሚፈተኑት ወደተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሄደው ግቢ ውስጥ ያድራሉ፤ ስልክ አይገባም። በኮምፒውተር የሚፈተኑም አሉ፣ ቁጥራቸውም እየጨመረ ነው። በወረቀቱ ነጥብ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ አንድ ጥያቄ ዘሎ የመልስ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን አለመዝለል (ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይዛነፋል)፣ የቡክሌት (የጥያቄ ወረቀቱን) ኮድ አለማጥቆር፣ ባዶ መተው። በኮምፒውተሩ ደግሞ ማውስ ይዛ የማታውቅ ልጅ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት በመደናገር ታጠፋለች። የእርስዎ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቴም ማዕከል ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጠው እዚህ ላይ ይጠቅማታል፤ ለአባቷ ይህን ንገሯቸው።

50 በመቶ ያላመጣ ሁሉ ቤት አይቀርም። በየዓመቱ የሚወሰነውን ዝቅተኛ ነጥብ ያሟላ ሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ገብቶ ጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማራል፣ ተፈትኖ ካለፈም አንደኛ ዓመት ይቀጥላል። ነጥቡ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፣ ለሴትና ለወንድም ይለያያል፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቁጥር መተማመን አይገባም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከብሔራዊው ፈተና በላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ባሕር ዳርን ጨምሮ ሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎችም በተራቸው ራስ ገዝ እንዲሆኑ ታቅዷል፤ ልጅዎ 12ኛ ስትደርስ የትኛው ምን እንደሚጠይቅ ያን ዓመት ማጣራት ያስፈልጋል። ከገባች በኋላም የ12ኛ ክፍል ውጤቷ አይለቃትም፤ ዲፓርትመንት ሲደለደል የአንደኛ ዓመት ጂፒኤና የ12ኛ ክፍል ውጤት ተዳምረው ነው የሚታዩት፣ የየራሳቸውን ድርሻ ዩኒቨርሲቲው ይወስናል። «300 ካለፈች ይበቃል» ማለት ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ለምትፈልግ ልጅ አይሠራም።

አሁን ወደ ውጭው። አሜሪካን እንውሰድ። አብዛኛው ማመልከቻ የሚሞላው ኮመን አፕ በሚባል የጋራ ቅጽ ነው፤ ሐምሌ 25 አካባቢ ይከፈታል፣ ቀደም ብሎ ለማመልከት ጥቅምት 22 አካባቢ፣ ለመደበኛው ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ይዘጋል። መልሱ መጋቢት ላይ ይመጣል። የእኛ ፈተና ግን ሐምሌ ነው። ተቀባዮቹ በሚወስኑበት ሰዓት የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚባል ነገር እጃቸው ላይ የለም፤ ያላቸው ከ9ኛ ክፍል የሚጀምረው ትራንስክሪፕት (የየዓመቱ ውጤት የሰፈረበት ወረቀት)፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ድርሰቷ፣ ክበቧና ከፈለጉ የአሜሪካኑ ኤስኤቲ ነው። አገር ቤት ዜሮ የሆነው ካርድ እዚያ ዋናው ወረቀት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ብቻም አይደለም የሚያዩት፤ 9ኛ ላይ 86 የነበረች 11ኛ ላይ 93 የደረሰች ልጅ፣ ከ95 ወደ 88 ከወረደችው ትሻላለች።

ነጥብ ለማስጨመር መምህር ዘንድ የሚመላለስ ወላጅ እንዳለ እናውቃለን። ለአገር ቤቱ ምንም አይጠቅምም፤ ለውጭውም ትምህርት ቤቱ የላከው ትራንስክሪፕትና የኤስኤቲ ነጥቧ ሰማይና ምድር ከሆኑ ራሷን ነው የሚያስጠረጥራት።

ክበብን በተመለከተ፣ ቅጹ ቢበዛ 10 ተግባር ይቀበላል፤ 10ሩን መሙላት ግን ግዴታ አይደለም፣ ሦስት አራት ደህና ነገር ይበቃል። ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጠው ቦታ 150 ፊደል ነው፣ ሁለት መስመር ያህል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሆነም ይጠይቃል። የልጆቻችን ማመልከቻ የሚሰነካከለው እዚህ ነው፤ አራት ዓመት ለፍታ «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነበርኩ፣ ተፈጥሮን እወዳለሁ» ብላ ትጽፋለች። ከዚህ አንባቢው ምንም አያገኝም። ልጅዎ ሐይቅ ዳር የምትሠራውን እንደሚከተለው ብትይዘው ግን ሌላ ነው። ለብቻው አንድ ደብተር ይኑራት፦ ቀን፣ የት ዳርቻ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ እሷ ምን ሠራች። እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው፤ አንድ ጆንያ እርጥቡን መዝና፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ ደግማ ትመዝን። ከተቆረጠ ቅርንጫፉም ከዘሩም ተመልሶ ስለሚበቅል ተነቅሎ ዳር ላይ የተተወውና ርቆ የደረቀው ከወር በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሳ ትይ። ይህን ስቴም ማዕከል ላሉት አስተማሪዎቿ ብታሳያቸው ከመንቀል አልፎ ወደ ምርመራ ይሄዳል፤ ሁለቱ መስመር የሚሞላውም በዚህ ነው፦ «ሁለት ክረምት፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር፣ የነቀልነውን መዝነን አድርቀን መልሶ መብቀሉን ተከታተልን፣ ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ አቀረብን።» እውነት እስከሆነ ድረስ ብቻ፤ ያልሠሩትን መጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊው ጋ ሲደርስ ይጋለጣል።

የግማሽ ቀን ሥልጠና ተካፍሎ የሚሰበሰብ ሰርተፊኬት ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መተው ካለባት ሚኒ ሚዲያውን ብትተው ቅር አይለንም፤ እሷ ራሷ ካልወደደችው በቀር። ስቴሙንና የእምቦጩን ትያዝ፣ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አሁን 10ኛ ላይ በሳምንት እስከ 6 ሰዓት ለእነዚህ ቢሄድ ጉዳት የለውም፤ 11ኛ ላይ ወደ 4 ይውረድ፣ 12ኛ ላይ ከጥር በኋላ ጭራሽ ይቁም። ከዚህ የሚያፈነግጥ አንድ ነገር አለ፦ ቤት ውስጥ የሠራችው የኢንትራንስ ወረቀት ከ50 በታች ከሆነ ለሁለት ወር ከቅዳሜው በስተቀር ሁሉንም ትተው ክፍተቱን ትሙላ።

ወጪውን ሳንነግርዎት አናልፍም። ኤስኤቲ ከ1600 ይታረማል፣ በኮምፒውተር ነው፤ የማይጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ቢሆኑም ትተውት የነበሩ እንደ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ያሉ የመግቢያ ፈተናን መልሰው አስገዳጅ አድርገዋል። ለእንግሊዝኛ ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ የሚባል የቋንቋ ፈተና ያስፈልጋል፤ ዱኦሊንጎ ቤት ተቀምጦ የሚሠራና ረከስ ያለ ነው፣ ግን መሐል ላይ ኔትወርክ ወይም መብራት ከጠፋ ፈተናው ይበላሻል። ክፍያው በአብዛኛው በዶላር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለውጭ ተማሪ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ወስነው ሙሉ ወጪውን የሚሸፍኑ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከእነዚያ ናቸው፣ ለእነሱም የዓለም ጎበዝ ሁሉ ያመለክታል። ትሞክር፤ ሕይወቷን ግን በዚህ ብቻ አታስላ።

ለቤተሰባችሁ ይበልጥ የሚቀርበው የመንግሥታት ስኮላርሺፕ ይመስለናል። የቱርክ መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና መስኮች 90 በመቶ አማካይ ይጠይቃል፤ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት፣ ማመልከቻው ከጥር 2 አካባቢ እስከ የካቲት 13 አካባቢ ነው። የሃንጋሪው ደግሞ ጥር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። እነዚህ ላይ ከክበብ ይልቅ ትራንስክሪፕት ይመዝናል፤ የአሁኑ 93ዋ ሙሉ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። ውጭ ባታገኝ መመለሻዋ ብሔራዊው ፈተና ስለሆነ፣ «ስኮላርሺፕ እጠብቃለሁ» ብላ 12ኛን እንዳታቃልል።

ከመምህራኗ ሁለቱን 11ኛ ክፍል ላይ ትለይ፤ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ የሚችሉ፣ ሥራዋን በቅርብ ያዩ። መምህር ይቀየራል፣ ይዛወራል፤ ስልካቸውንና ኢሜይላቸውን ትያዝ።

በመጨረሻ ወረቀቶቿ። የ8ኛ ክፍል ካርዷ፣ ትራንስክሪፕቷ፣ የፋይዳ መታወቂያዋና ወደፊት የምታወጣው ፓስፖርት ላይ ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ ዓይነት ይሁን። የልደት ቀኗ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር 7 ይደመር ወይስ 8 የሚለው ይምታታና አንዳንድ ቦታ አንድ ዓመት ይዛነፋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም የተወለደ 7 ይደመርለታል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ስሕተት ካለ አሁን፣ 12ኛ ለፈተና ሳትመዘገብ ይታረም፤ ከተመዘገበች በኋላ ማስተካከል ደጅ ጥናት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ለምዝገባ የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከነዚያ ጋር ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የስፖርት ትጥቅ። ትራንስክሪፕቱን የ11ኛ ክፍል ውጤቷ እንደተዘጋ፣ ክረምት ሳይገባና ቢሮው ሳይዘጋ፣ ማኅተም አስደርገው ያውጡላት።